ባዶ ሣጥን፣ የላቲን ትርምስ፣ የጥያቄ ምልክት፦ ከሲስተም ቅየራ በኋላ የአንድ የደሴ ቢሮ ኢሜይል ጥገና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያበቃበት ዕለት በመሆኑ፣ ለወራት ስናዘገየው የነበረውን ሥራ ጀመርን። የምሠራበት ቢሮ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ የማሾና የጥራጥሬ ንግድ ቤት ሲሆን አራት ኮምፒውተሮች አሉት። ሁለቱ በዊንዶውስ 10 የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱ አሮጌዎች ግን ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በተቋረጠው በዊንዶውስ 7 ላይ እስከ ዛሬ ቀርተዋል። ይህን ያህል ዘመን በዚያ ሁኔታ መቆየታቸው ትክክል አልነበረም፤ ነገር ግን በእነርሱ ላይ የተከማቸው ኢሜይል የቢሮው መዝገብ ስለሆነ ማንም ደፍሮ ሊነካቸው አልፈለገም።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ሁለቱ አዳዲሶች ይህን ያሟላሉ። አሮጌዎቹ ስለማያሟሉ፣ ባለፈው ነሐሴ የወጣውን ዴቢያን 13 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ልጭንባቸው ወሰንሁ፤ የኢሜይል ፕሮግራማችን ተንደርበርድ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ ሠራተኞቹ የሚያውቁትን መስኮት አያጡም። ባለቤቱ ሐጂ ሐሳቡን ካስረዳኋቸው በኋላ የሰጡኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ማሽኑን እንደ ፈለግህ አድርገው፤ ደብዳቤዎቹ ላይ ግን አንድ ፊደል እንዳይጎድል።»

የቢሮው ኢሜይል የሚወርደው ፖፕ በሚባለው አሠራር ነው። በእኛ ቅንብር መልእክቱ ከሰርቨሩ (ኢሜይሉን ከሚቀበልልን የሩቅ ኮምፒውተር) ወደ ኮምፒውተሩ ከወረደ በኋላ በሰርቨሩ ላይ ቅጂ አይቀርም፤ ያለው ብቸኛ ቅጂ በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ተንደርበርድን ዘግቼ፣ የፕሮፋይሉን ፎልደር (ኢሜይሉና ቅንብሩ የሚቀመጡበትን) በሙሉ በሁለት የውጭ ሃርድ ዲስኮች ላይ ገለበጥሁ፤ የፋይሎቹን ብዛትና መጠንም ከዋናው ጋር አመሳከርሁ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ መገልበጥ ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ሊቆርጠው ስለሚችል፣ መዝጋቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ። የዊንዶውስ 7 ዲስኮችን ጨርሶ ላለመደምሰስ ወስኜ ነቅዬ አስቀመጥኋቸው፤ ለአሮጌዎቹ ማሽኖች አዳዲስ ዲስኮች ተገዝተዋል። ይህ ውሳኔ ኋላ ላይ ብዙ ጠቅሞናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 ቀን

የአራቱም ኮምፒውተሮች ቅየራ ተጠናቀቀ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽን በነበረበት ላይ ወደ ዊንዶውስ 11 ከፍ አለ። ሁለተኛው ዲስኩ ስህተት ያሳይ ስለ ነበር ከባዶ ተጫነ። በሁለቱ አሮጌዎች ላይ ዴቢያንን ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር ጫንሁና ፕሮፋይሎቹን ወደ ቦታቸው መለስሁ። መብራት ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ተቋረጠ የመጨረሻው የሲስተም ጭነት አመሸ፤ ሠራተኞቹ ሄደው ስለ ነበር የአማርኛ መልእክቶቹን ከፍቼ ሳላይ ወጣሁ። ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን

ጠዋት በር ስከፍት ሦስት ሰዎች ስለ ኢሜይል ቅሬታ ይዘው ጠበቁኝ። ሦስቱም «አማርኛው ተበላሸ» አሉኝ። ወደየማሽኑ ሄጄ ስመለከት ግን የተበላሸበት መልክ የተለያየ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህን ልዩነት በጊዜ ማየቴ ሳምንቱን ሙሉ ከመዳከር አድኖኛል።

በአንደኛው ዴቢያን ላይ ፊደላቱ በሙሉ ትንንሽ ሣጥኖች ሆነዋል። በዚያው ማሽን ከጭነት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚመጡት መልእክቶች ደግሞ ሣጥን ሳይሆኑ፣ በላያቸው ጭረት ባለባቸው የላቲን ፊደላትና በልዩ ልዩ ምልክቶች ትርምስ ተሞልተዋል። በሁለተኛው ዴቢያን የተቀመጡት የ2003 እና የ2004 ዓ.ም. ደብዳቤዎችም በላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ትርምሱ ግን ከመጀመሪያው ዓይነት አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽን ላይ አንድ መልእክት ከጥያቄ ምልክትና ከቁጥር በቀር ምንም የለበትም። ከባዶ በተጫነው ዊንዶውስ 11 ላይ አማርኛው ይነበባል፤ የፊደሉ ቅርጽ ስለ ተለወጠ ግን የደብዳቤው አሰላለፍ ተዛብቷል።

ሐጂ ገብተው አንዱን መስኮት ካዩ በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። ደብዳቤዎቹ በዲስኩ ላይ የተቀመጡት እንደ ደረሱ ሆነው መሆኑን፣ የተለወጠው ማሽኑ እነርሱን አንብቦ የሚያሳይበት መንገድ መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲህ አብሽር፤ ግን ቶሎ» ብለውኝ ሄዱ። የነገርኋቸው ነገር ለሦስቱ ዓይነቶች እውነት ነበር፤ ለአራተኛው፣ ለጥያቄ ምልክቱ፣ እውነት እንዳልሆነ ግን በዚያን ሰዓት አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ቀላሉን አስቀደምሁ። ሣጥን ማለት ማሽኑ ፊደሉን በትክክል ለይቶታል፤ የሚሥልበት ፎንት ግን የለውም ማለት ነው። ተንደርበርድ እንዲህ ሲያጋጥመው ባዶ ሣጥን ብቻ አያሳይም፤ በሣጥኑ ውስጥ የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር (የዓለም ፊደላት በተቆጠሩበት ሠንጠረዥ ያለውን መለያ) በደቃቅ ይጽፋል፤ ይህ አቆጣጠር ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ሌላ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን የላቲን ፊደላትም እንደ አኃዝ ይጠቀማል። አጉልቼ ስመለከተው የመጀመሪያው ሣጥን 1230 ይላል፤ ይህ የ«ሰ» ቁጥር ነው። ቀጥሎ 120ቢ፣ «ላ»፤ ከዚያ 121ዲ፣ «ም»። ደብዳቤው በ«ሰላም» እንደሚጀምር ከሣጥኖቹ ብቻ አነበብሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው፣ 384 ቦታ የሚይዘው ክልል ስለ ተሰጠው፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር በ12 ወይም በ13 የሚጀምር ከሆነ ጽሑፉ ደኅና ነው ብሎ መደምደም ይቻላል።

ዴቢያንን በእንግሊዝኛ ስለ ጫንሁት የግዕዝ ፎንት አብሮ አልገባም። አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ከዴቢያን ማከማቻ አወረድሁ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክንም ጨመርሁ። የኖቶ ስም ራሱ የመጣው «ባዶ ሣጥን አይኑር» ከሚል የእንግሊዝኛ አጠራር ነው፤ የፎንት ሠሪዎች ያንን ሣጥን በቅርጹ የተነሣ ቶፉ (በአራት ማዕዘን የሚቆረጥ የአኩሪ አተር ምግብ) ይሉታልና። ተንደርበርድን ዘግቼ ስከፍተው ሣጥኖቹ ሁሉ ፊደል ሆኑ። ከዚያ በፎንት ቅንብሩ ውስጥ ለግዕዝ ጽሑፍ በተለየው ክፍል አቢሲኒካን መረጥሁ፤ የብራና ጽሕፈት ወዝ ስላለው ሐጂም ወደዱት።

ከባዶ የተጫነው ዊንዶውስ 11ም የፎንት ጉዳይ ነበር። በዊንዶውስ 7 ዘመን ሁላችንም የለመድነው ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአማራጭ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጧል፤ ተጠቃሚው ካላወረደው ኤብሪማ የተባለው ይተካዋል። የኤብሪማ ፊደል ስፋቱና የመስመር ክፍተቱ ከኒያላ ስለሚለይ፣ በኒያላ ተለክተው የተዘጋጁት የደረሰኝ ደብዳቤዎች ከአንድ ገጽ ወደ ሁለተኛው ፈሰሱ። በሲስተም ቅንብር ውስጥ ከአማራጭ ክፍሎች የግዕዝ ተጨማሪ ፎንቶችን ፈልጌ ጫንሁ፤ አሰላለፉም ተመለሰ። በነበረበት ላይ ከፍ ባለው ማሽን ኒያላ እንዳለ ስለ ቆየ እዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ዛሬ የጭነት መልእክቶቹን ትርምስ ያዝሁ። እዚህ ፎንት ማውረድ ምንም አይጠቅምም፤ ማሽኑ የሚያሳየው ፊደል ሁሉ በትክክል የተሣለ የላቲን ፊደል ነውና። የተሳሳተው ከሥዕሉ በፊት ያለው ንባብ ነው።

የመልእክቱን ምንጭ ጽሑፍ ኮንትሮል እና ዩ ተጭኜ ከፈትሁ። ይህ ቁልፍ ሠራተኞች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው፤ የሚታየው ገጽ ሲያታልል ምንጩ አያታልልም። በውስጡ «ሰላም» የሚለው ቃል ኢ1 88 ቢ0፣ ኢ1 88 8ቢ፣ ኢ1 88 9ዲ ተብሎ ተቀምጧል። ይህ ፍጹም ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በኮምፒውተር የሚቀመጡበት አሠራር) ነው፤ በዚህ አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የማከማቻ ቁጥሮች ይይዛል። በራስጌው (ከመልእክቱ በፊት ባሉት የመግለጫ መስመሮች) ላይ ግን ላኪው ሥርዓት መልእክቱ የተጻፈው በዊንዶውስ-1252 ነው ብሎ ያውጃል። ያ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ሠንጠረዥ ሲሆን አንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ኢ1 በላዩ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ይሆናል፤ 88 እንደ ትንሽ ቆብ ያለ ምልክት ይሆናል፤ ቢ0 የዲግሪ ክብ ይሆናል። አንዲት «ሰ» ሦስት ባዕዳን ምልክቶች ሆና ትወጣለች።

ከዚህ የሚገኝ አንድ ጠቃሚ መለያ አለ። በአማርኛ የምንጠቀምባቸው ፊደላት ሁሉ በዩቲኤፍ-8 የሚጀምሩት በኢ1 ስለሆነ፣ በዚህ ዓይነቱ ትርምስ ውስጥ ያ ጭረት ያለበት ኤ በየሦስተኛው ቦታ እየተመላለሰ ይታያል። እርሱን ካየሁ የኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ሠንጠረዥ) አዋጅ ስህተት መሆኑን፣ ጽሑፉም ከነሙሉ ፊደሉ ከሥር መኖሩን አውቃለሁ።

ያስገረመኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ላኪው ለዓመታት እንዲህ ሲልክ ከቆየ ባለፈው ሳምንት እንዴት ይነበብ ነበር? መልሱን ነቅዬ ባስቀመጥሁት የዊንዶውስ 7 ዲስክ ላይ አገኘሁት። በዚያ ላይ የነበረው የተንደርበርድ ቅጂ እጅግ አሮጌ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያም በጭነት ፎልደሩ ባሕርያት ውስጥ ገብቶ፣ የመልእክቶቹን አዋጅ ችላ ብሎ ሁሉንም በዩቲኤፍ-8 እንዲያነብ በግድ አዞታል። ያ ቅንብር በአዲሱ ቅጂ ላይ የለም። እንግዲህ ስህተቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በላኪው ዘንድ ነበረ፤ የእኛ አሮጌ ማሽን በዝምታ ሲሸፍነው ኖረ፤ ቅየራው አላበላሸውም፣ ገለጠው እንጂ። ያ ባለሙያ ያደረገውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ቢተው ኖሮ ይህን ግማሽ ቀን ባልፈጀሁ ነበር፤ እኔም ይህን ማስታወሻ የምይዘው ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ብዬ ነው።

ለጊዜው ተንደርበርድ በእይታ ሜኑው ውስጥ ባለው የጽሑፍ ኢንኮዲንግ መጠገኛ መልእክቶቹን አንድ በአንድ እንዲከፍቱ ለሠራተኞቹ አሳየኋቸው። ለላኪው ድርጅት የቴክኒክ ክፍልም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ደብዳቤው «አማርኛችሁ አይነበብም» የሚል ብቻ አልነበረም፤ የራስጌውን መስመር ገልብጬ፣ ሊታረም የሚገባውን አንዱን ቃል ለይቼ አመለከትሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን

ዛሬ ተራው የአሮጌዎቹ ደብዳቤዎች ነበር። አብዛኞቹ ከወልድያ ወኪላችን የተላኩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያ በየሦስቱ የሚመላለሰው ኤ የለም፤ ተራ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና ሥርዓተ ነጥቦች ተደበላልቀው ይታያሉ። ምንጩን ስከፍት ከሥሩም ያው ላቲን ነው። ፊደሉ ግዕዝ የሚመስለው በፎንቱ ብቻ ስለ ነበር፣ ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ የተገፈፈ ያህል ላቲኑ ወጣ።

ይህ ከዩኒኮድ በፊት የነበረው አሠራር ነው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ የቀድሞው ፓወር ግዕዝና ሌሎችም የላቲኑን ቁልፎች ቦታ ተከራይተው የግዕዝ ሥዕል አኖሩባቸው። አንድ ባይት ከ256 በላይ ቦታ የለውም፤ የአማርኛ ፊደል ከነዲቃሎቹና ከነአኃዙ ከዚያ ውስጥ በምቾት አይገባም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት፣ አንዳንዱን ወደ ሌላ ፎንት አሸጋገሩት። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ስላደረገው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ያ ትውልድ በዚያ ጥበት ውስጥ ያንን ያህል መሥራቱን በአክብሮት እመለከተዋለሁ፤ እነዚያ ፎንቶች ባይኖሩ የወልድያው ወኪል በ2003 ዓ.ም. በአማርኛ ባልጻፈልን ነበር።

በምንጩ ውስጥ የፎንቱ ስም ቪጂ2 ሜይን ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ፤ ቪዥዋል ግዕዝ መሆኑ ነው። ቢሮው በጊዜው ገዝቶት ስለ ነበር ፎንቶቹ በአሮጌው ዲስክ የፎንት ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ወደ ዴቢያን ገልብጬ፣ የፎንት ዝርዝሩን አሳድሼ፣ በተንደርበርድ ውስጥ መልእክቶች የራሳቸውን ፎንት እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው ምልክት መደረጉን አረጋገጥሁ። ደብዳቤዎቹ ከነርዕሳቸው ተመለሱ።

ይህ ግን የሠራው የፎንቱን ስም በውስጣቸው ለያዙት ብቻ ነው። በተራ ጽሑፍ የተላኩት 37 መልእክቶች የፎንት ስም አልያዙም። ተለማማጃችን መፍትሔ ያገኘ መስሎት ቪጂ2 ሜይንን ለላቲን ጽሑፍ ሁሉ ዋና ፎንት አደረገው፤ 37ቱ በርግጥ ተነበቡ፤ በዚያው ቅጽበት ግን የእንግሊዝኛ መልእክቶች፣ የኢሜይል አድራሻዎችና የባንክ ማስታወቂያዎች ሁሉ ትርጉም የሌለው ግዕዝ ሆኑ። ወዲያው መለስነው። ከዚያ 37ቱን ወደ ሊብሬኦፊስ የጽሑፍ ፕሮግራም እየገለበጠ፣ በፎንቱ እያነበበ፣ አሁንም ሕጋዊ ጥቅም ያላቸውን 11ዱን በዩኒኮድ እንደ ገና እንዲተይባቸው አደረግሁ። አስተያይቼ ፈረምሁባቸው፤ ዋናዎቹም በነበሩበት ተቀምጠዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ከጁምዓ ሶላት በፊትና በኋላ ቢሮው ጸጥ ስለሚል ለጥሞና ሥራ የተመቸ ቀን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ እትዬ፣ የኢንኮዲንግ መጠገኛውን ከማሳየቴ በፊት፣ አምስት የጭነት መልእክቶችን ከነትርምሳቸው ገልብጠው በጽሑፍ ፋይል ማስቀመጣቸውንና ዋናዎቹን መሰረዛቸውን ነገሩኝ። የተሰረዙት ከመጣያውም ወጥተዋል። ያለን የተገለበጠው ትርምስ ብቻ ነበር።

ትርምሱን በዊንዶውስ-1252 መልሼ ወደ ባይት ቀይሬ፣ ባይቱን በዩቲኤፍ-8 አነበብሁት። በመርሕ ደረጃ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም፤ እዚህም እዚያም ቀዳዳ ወጣ። የጎደሉት ፊደላት በዘፈቀደ አልነበሩም፤ «ል»፣ «ም»፣ «ው»፣ «ግ»፣ «ነ»፣ «ዝ» በሁሉም ቦታ ጠፍተዋል፤ «በ»፣ «አ» እና «ጠ»ም እንዲሁ። የ«ፈ» ዘሮችና አራት ነጥብ ደግሞ አንድም አልቀሩም።

ወረቀት አውጥቼ ባይቶቹን ስጽፋቸው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። በዊንዶውስ-1252 ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ባዶ ናቸው፦ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። «ም» እና «ዝ» የሚያበቁት በ9ዲ ነው፤ «ል»፣ «ው» እና «ግ» በ8ዲ፤ «ነ» በ90። የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ዘሮች ከሥርዓተ ነጥቦቹ ጋር ሁለተኛው ባይታቸው ራሱ 8ዲ ነው። ለእነዚህ ባይቶች የሚታይ ምልክት ስለሌለ፣ ጽሑፉ ሲገለበጥና ሲቀመጥ በመንገድ ላይ ተጣሉ። የ«በ»፣ የ«አ» እና የ«ጠ» ነገር ለየት ይላል፤ እነርሱ የሚያበቁት በኤ0 ሲሆን ይህ በሠንጠረዡ ላይ የማይሰበር ክፍት ቦታ የሚባለው ነው፤ ሲገለበጥ ወደ ተራ ክፍት ቦታ ተለወጠ። ለዓይን ሁለቱ ክፍት ቦታዎች አንድ ናቸው፤ ለባይቱ ግን አይደሉም።

ይህን ሳውቅ መንገዱ ተከፈተልኝ። ጭረት ካለበት ኤ እና ከሁለተኛው ምልክት በኋላ ክፍት ቦታ ሲከተል ኤ0 እንዲሆን አደረግሁ፤ «በ»፣ «አ» እና «ጠ» በሙሉ ተመለሱ። ሦስተኛ ባይታቸው የጠፋባቸውን ግን ሁለተኛው ባይት በርካታ ዘሮችን የያዘ ክልል ብቻ ስለሚጠቁም በዐውዱ መሙላት ነበረብኝ፤ «ሰላ» ብሎ የተቆረጠው ከ«ም» በቀር ሊሆን አይችልም። የመጠንና የስም ቃላትን በግምት አልሞላሁም። ከአምስቱ መልእክቶች አራቱ እንዲህ ተሟሉ፤ አምስተኛውን ላኪው እንደ ገና እንዲልክ ጠየቅን። እትዬን ያስጨነቃቸው ጥፋቱ ስለ ነበር፣ ትርምስን መገልበጥ እንደሚጎዳ ማንም ቀድሞ እንዳልነገራቸው፣ ያንን መንገር የእኔ ድርሻ እንደ ነበር ገለጥሁላቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን

ከሁሉ የከፋው የጥያቄ ምልክቱ መልእክት ነው። ምንጩን ስከፍት በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ 3ኤፍ የሚል አንድ ባይት ተቀምጧል፤ 3ኤፍ የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ነው። ከሥሩ የተደበቀ አማርኛ የለም። የላኪው ፕሮግራም መልእክቱን ግዕዝ ወደማያውቅ ሠንጠረዥ ሲቀይር፣ ያላገኘውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ላከው። ይህ ገና ከቤቱ ሲወጣ የሞተ መልእክት ስለሆነ በእኛ በኩል የሚደረግ ቅንብር፣ ፎንትም ሆነ መጠገኛ አያነሣውም።

መልእክቱ ጭነት የሚያከፋፍል ነበር። ቁጥሮቹ አልጠፉም፤ 120፣ 80 እና 65 ይላል፤ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ግን የለም። አንዱ ፊደል በአንድ የጥያቄ ምልክት ስለ ተተካ የቃሉ ርዝመት ይታወቃል። ከ120 አጠገብ ያለው ቃል አምስት ምልክት አለው፤ ከምናከፋፍልባቸው ቦታዎች አምስት ፊደል ያለው ኮምቦልቻ ብቻ ነው። ከ80 አጠገብ አራት ምልክት አለ፤ ወልድያ ይሆናል። ከ65 አጠገብ ያለው ግን ሦስት ምልክት ነው፤ ሐይቅም መርሳም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው።

ተለማማጁ «ባለፈው ወር ወደ ሐይቅ ስለ ሄደ ሐይቅ ይሁን» አለኝ። አልተቀበልሁትም። የቆጠርነው የቃሉን ርዝመት እንጂ ቃሉን አይደለም፤ 65 ኩንታል ማሾ የጫነ መኪና በምልክት ቆጠራ መንገድ አይወጣም። ቆጠራው የሚጠቅመው ላኪው ሲነግረን እውነቱን ለማመሳከር ብቻ ነው። ስልክ ደወልን፤ አልተነሣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

የጭነት ሥርዓቱ ባለቤቶች በራስጌው ላይ የነበረውን አንድ ቃል አርመው የሙከራ መልእክት ላኩልን። ያለ ምንም መጠገኛ በአራቱም ማሽኖች ላይ ተነበበ። ከዛሬ በፊት የደረሱት አሮጌዎቹ እንደ ነበሩ ናቸው፤ በምንጫቸው ላይ እጄን ላለማስገባት ስለ ወሰንሁ በመጠገኛው መከፈታቸው ይቀጥላል።

በሁለተኛው ዴቢያን ላይ በዝርዝሩ የሚታየው ርዕስና ሲከፈት የሚወጣው መልእክት የማይገጣጠሙበት አንድ ፎልደር ነበር፤ ማውጫው ከአሮጌው ቅጂ ስለ መጣ ነው። ፎልደሩን በባሕርያቱ ውስጥ ባለው ማደሻ አሳድሼ ጨረስሁ።

የጥያቄ ምልክቱን መልእክት የላኩት ሰው ከቀትር በኋላ ደወሉ። 120 ኮምቦልቻ፣ 80 ወልድያ፣ 65 መርሳ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ሰሙ፤ እኔም ሦስቱን ስሞች ከታተመው ወረቀት ላይ በጥያቄ ምልክቶቹ አናት በእስክሪብቶ ጻፍኋቸው፤ የደወሉበትን ሰዓት ጨምሬ ወደ ጭነት ክፍል ላክሁ። ለሰውየው የኢሜይል ፕሮግራማቸው ወጪ መልእክቶችን በዩቲኤፍ-8 እንዲልክ የሚደረግበትን ቦታ በስልክ እየመራሁ አስተካከልን፤ የላኩት የሙከራ ቃል «ደኅና ደረሰ?» የሚል ነበር፤ ደርሷል ብዬ መለስሁላቸው። ሁለቱን የዊንዶውስ 7 ዲስኮች ቀኑንና ይዘቱን ጽፌባቸው ወደ ብረት ሣጥኑ አስገባኋቸው።